ጉልላት ብቻውን የተነሳቸው ፎቶዎች

ጣልያን ከመግባቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ሶዶ ከተማ ውስጥ ጉልላት የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። አባቱ ከሹማምንት ጋር ከመንዝ የመጣ ሰው ነው። እሱ ግን እዚያው ሶዶ ተወልዶ፣ ወላጆቹን እዚያው ቀብሮ፣ ከታላቅ እኅቱ ከፈጠነች ጋር ይኖራል። መልኩ ደህና ነው፤ አለባበሱ ግን ከመልኩ ይበልጣል። አዲስ ዓይነት ኮት መጀመሪያ ለራሱ ሰፍቶ ይለብሳል፤ ሰው አይቶ «ይኸንኑ ለኔ» እንዲለው።

አንድ ግሪክ ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ ከሶዶ ሲሄድ ጉልላት የፎቶ ማንሻ ሳጥን ገዛው። ሰውዬው አንድ የፈረንጅ መጽሔት መረቀለት። መጽሔቱ ላይ ባርኔጣ የደፋ ጌታ አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ አሳርፎ፣ ሐይቅ ዳር ብቻውን ቆሞ ሩቅ ያያል። በቃ፣ ጉልላት በዚያ ሥዕል ተለከፈ።

ሥራው መንገድ ያበዛል። በበቅሎ አረካ ይወርዳል፣ ቦምቤ ያድራል፣ ቤሌ ይዘልቃል፤ እዚህ ይለካል፣ እዚያ የተሰፋውን ያደርሳል። ታዲያ ጥሩ ቦታ ባየ ቁጥር ይወርዳል። ሳጥኑን አጥር ላይ ያስቀምጥና ድንጋይ ይጭንበታል፤ የኮት ክር ከማንሻው ያስርና በችካል አዙሮ ጫፉን ከጀርባው ይይዛል። እግሩን ድንጋይ ላይ ያሳርፋል፣ ሩቅ ያያል፣ ክሩን ሳብ። መቼም ሰው መሰብሰቡ አይቀርም። አንዱ በቅሎውን ይይዝለታል፣ አንዷ የኮቱን አቧራ ታራግፍለታለች። ሁሉ ነገር ሲሰናዳ «እስቲ ዘወር በሉልኝ» ይላቸዋል፤ ዘወር ይሉለታል። ፊልሙ በነጋዴ እጅ አዲስ አበባ ሄዶ ታጥቦ የሚመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ሲመጣ ጉልላት ከዛፍ ጋር፣ ጉልላት ከወንዝ ጋር፣ ጉልላት ከዳሞታ ተራራ ጋር።

አንድ የንግሥ ቀን አረካ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዲት ልጅ ቀና ብላ አየችውና፣ «ወንድሜ፣ ባርኔጣህ ላይ ወፍ ጎጆ ብትሠራ የሚነግርህ ሰው አለ?» አለችው። ዓመለወርቅ ትባላለች፤ እዚያው አረካ የሚኖሩት የአቶ ኤርካሎ ልጅ ናት። ጉልላት ከዚያ ቀን ወዲህ እጅጌ ሲሰፋ አንዱን ከአንዱ ያሳጥር ጀመር።

ሽማግሌ ተላከ። የሽማግሌዎቹ አለቃ የአባቱ ወዳጅ ጋሼ ወልደመስቀል ነበሩ። ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ሄዶ አይታይምና፣ ጉልላት የሚያምሩትን ፎቶዎች መርጦ ሰጣቸው።

ሲመለሱ ወንድምና እኅት ደጅ ላይ ተቀበሏቸው።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«መጀመሪያ ልቀመጥ» አሉ ወልደመስቀል። ተቀመጡ። «ኤርካሎ ፎቶውን አየ፣ አየና ገልብጦ ጀርባውን አየ። ‹ሰዎቹስ?› አለኝ። የትኞቹ ሰዎች ብዬ ብጠይቀው፣ ‹በቅሎ የሚይዝለት፣ ጥላ የሚይዝለት፣ ከኋላ የሚከተለው› አለ። ብቻውን ነው አልኩት። ‹ታዲያ ማን አነሳው?› አለኝ። እኔም ያኮራል ብዬ፣ ራሱ ነው ያነሳው አልኩት።»

ፈጠነች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

«አትሳቂ እትዬ» አለ ጉልላት። «ከዚያስ?»

«‹ፎቶ የሚያነሳው ሰው እንኳ ያጣ ነው?› አለ። ‹ልጄ ብትታመም ማንን ይጠራል? እሱ ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ወገን ያለው ሌላ ጠያቂ አለ፤ ለመስቀል ቃሌን እሰጠዋለሁ› አለ።»

ጉልላት ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። «እኔ እኮ እንዲያምር ብዬ ነው ያራቅኋቸው። ይኸው፣ ሻንቆ በቅሎዋን ይዞ የቆመው እዚህ ጋ ነበር» አለ፤ ጣቱ ከፎቶው ጠርዝ አልፎ ባዶው እንጨት ላይ አረፈ። «እትዬ መብራት እዚህ። ሲያዩኝ የቆሙት ሸማኔዎች ደግሞ እዚህ።»

«ታዲያ ጣትህን ይዘህ አረካ ልትሄድ ነው?» አለችው ፈጠነች።

በነጋታው በቅሎውን ጫነ። መጀመሪያ ቦምቤ፣ ሻንቆ ዘንድ ሄደ። ሻንቆ እርሻው ላይ ነበር፤ ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ ዶማውን ተደገፈ።

«ስንት ጊዜ ዘወር በል ስትለኝ ከርመህ፣ ዛሬ ና ትለኛለህ?»

«ዛሬ ና እልሃለሁ» አለ ጉልላት፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

«ባርኔጣህን መልስ። ራስህ ሲታይ ታሳዝናለህ። እመጣለሁ።»

ከቤሌም እትዬ መብራት መጡ፤ መሸት ሲልበት የሚያሳድሩት ሴት ናቸው። ሸማኔዎቹም መጡ፣ ፈጠነችም ከሶዶ ወረደች። በአረካ የገበያ ቀን ይህ ሁሉ ሰው ከጋሼ ወልደመስቀል ኋላ ሆኖ አቶ ኤርካሎ ግቢ ገባ። ጉልላት ግን መግባቱ ወጉ አይደለምና ከእንሰቱ አጥር ውጭ የሁሉንም በቅሎ ይዞ ቀረ። ከዚያው ሆኖ ያዳምጣል።

«አንተ ምኑ ነህ?» ይላሉ ኤርካሎ።

«በቅሎ ያዡ ነኝ» ይላል ሻንቆ። «ፎቶው ላይ አልታይም እንጂ።»

«እኔ ዘንድ በወባ ተኝቷል» አሉ እትዬ መብራት። «ያን ጊዜ ባርኔጣም አልነበረው፤ እናቱን ሲጠራ ነው ያደረው። እኔ ነኝ አቤት ያልኩት።»

ጉልላት ከበቅሎዋ አንገት ጀርባ ተሸሸገ።

«በቅሎ የሚይዝላችሁ ደግሞ ማነው?» አሉ ኤርካሎ። ሁሉም ወደ አጥሩ እያየ ሳቀ። «በሉ ያን በቅሎ ያዥ ጥሩልኝ። ቆጮው ሳይቀዘቅዝ ይብላ።»

ከተበላ በኋላ ሳጥኑ አጥሩ ላይ ወጣ። ኤርካሎ መሀል ካልሆንኩ አሉ። ዓመለወርቅ ከዳር ቆመች። ጉልላት እግሩን ድንጋይ ላይ አሳርፎ ሩቅ እያየ ክሩን ሲስብ፣ «ባርኔጣህ ላይ ወፍ አለች» አለችው።

ፎቶው የመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው። የሁሉም ፊት ጥርት ብሎ ወጥቷል። ወደ እሷ ዘወር ያለው ጉልላት ብቻ ጭስ መስሏል። «መልክህ እንደዚህ ጠፍቶ አያውቅም» አለችና ፈጠነች ከስፌት መኪናው በላይ ሰቀለችው። እሱም አላወረደውም።

አቶ ኤርካሎ ሶዶ በመጡ ቁጥር እንግዳ ካለ ይጠሩና ፎቶውን ያሳያሉ። ሻንቆን፣ መብራትን፣ ሸማኔዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራሉ። መጨረሻ ላይ ጣታቸውን ጭሱ ላይ ያሳርፉና፣ «ይኼ ደግሞ» ይላሉ፣ «አማቼ ነው።»