ሦስተኛው ጥሩምባ

ልጄ ከባሕር ማዶ በላከችልኝ ካፖርት ኪስ ውስጥ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ አገኘሁ። ካፖርቱ ጥቁርና ወፍራም ነው። እኔ በምኖርበት በቆላው መርሳ እንዲህ ያለ ልብስ የሚለብስ ሰው የለም፤ ለብሼው ብወጣ ጎረቤት ታሟል ብሎ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ስለዚህ ምስማር ላይ ሰቅዬው ነበር። ባለፈው ሳምንት አቧራውን ላራግፍ ሳወርደው እጄ ኪሱ ውስጥ ገባና ያችን ልጣጭ ነካሁ። እንደ ቆዳ ደርቃለች። በጣቴ ስሰብራት ግን ሽታዋ ወጣ፤ ከሽታዋም ጋር የአውቶብስ መስኮት፣ የናፍጣ ጭስና የጧት ፀሐይ አብረው ወጡ።

ልጄ የምትሠራው ቱሪስቶችን በሚያንሸራሽር ትልቅ መርከብ ላይ ነው። ክፍል ታጸዳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። መርከቡ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ጧት ይቆማል፣ ሲመሽ ይነሣል። ተሳፋሪዎቹ ከተማ ሊያዩ ሲወርዱ ሠራተኞቹም በተራ በተራ ይፈቀድላቸዋል። የመጀመሪያው ተራዋ በደረሰ ዕለት አምስት ሰዓት ተሰጣት። ብዙ ሳምንት ውኃ ላይ ቆይታ መሬት የረገጠችው ያን ቀን ነው። ምን አደረገችበት ብትሉኝ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞራ ለእኔ ካፖርት ፈለገች። የደወለችልኝ ሁለት ደቂቃ ያህል ነበር፤ ያንንም "አባባ፣ ትከሻዎት ሰፊ ነው ጠባብ?" እያለች ጨረሰችው።

እኔም ከእሷ የባስኩ ነኝ። ስገጂ፣ ከክፉ ሰው ራቂ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ እያልኩ ምክሬን ስደረድር መስመሩ ተቋረጠ። ልጆቼን በቁጣ ነው ያሳደግኋቸው፤ አልክድም። የዚያን ቀን ግን ደህና ነሽ ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኋትም። በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ መርከቡ ላይ የደረሰችው መሰላሉ ሊነሣ ሲል፣ እየሮጠች ነው። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ለካፖርት ብለሽ ከመርከብ ልትቀሪ ነበር ወይ ብዬ ልቆጣት አሰብኩ። ልጣጯን ስሰብር ግን የምቆጣበት አፍ እንደሌለኝ ትዝ አለኝ።

ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያኔ የምንኖረው ወልድያ ነበር። እናታችን የሞተችው እኔ ጡት ሳልተው ስለነበር ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ አፌን የፈታሁት ጀርባዋ ላይ ሆኜ ነው። እሷ በኋላ ለመርሳ ሰው ተዳረችና ወደ ቆላው ወረደች። ባሏ በወንዙ ዳር የብርቱካን አትክልት ነበረው። እኔ ደግሞ አሰብ ወደብ ላይ ሥራ አለ ሲባል ሰምቼ ልቤ ተነሣ። አባቴ አልወደደውም። ብዙ ለመንኩት። በመጨረሻ ፊቱን አዙሮ፣ "እኔ እጄን አላነሣልህም። ያሳደገችህ እህትህ ዱዓ ካደረገችልህ ግን ሂድ፤ አልይዝህም" አለኝ።

እኛ ዘንድ ሩቅ መንገደኛ ያለ ዱዓ ከቤት አይወጣም። ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ይመርቀዋል፣ የተቀመጠው ሁሉ አሚን ይላል፣ ከዚያ ጓዙን ያነሣል። ያለዚያ መሄድ ራቁትን እንደ መሄድ ነው። ስለዚህ ጉዞዬ ሁሉ የተንጠለጠለው በእህቴ እጅ ላይ ሆነ። እሷን የማገኘው ደግሞ የደሴው አውቶብስ መርሳ ላይ ለቁርስ ሲቆም ብቻ ነው።

በማለዳ ተነሥተን ሲሪንቃን አልፈን ስንወርድ ሙቀቱ ከእግራችን ሥር ይወጣ ጀመር። መርሳ ስንገባ ብርቱካን ሻጮቹ አውቶብሱን ከበቡት፤ ቅርጫቶቹ እስከ መስኮቱ ይነሣሉ፣ ወለሉ ገና ሳንወርድ በልጣጭ ተሞላ። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ተናገረ። "ሠላሳ ደቂቃ ነው። ጥሩምባ ሦስት ጊዜ ይነፋል። በሦስተኛው ያልደረሰ እዚሁ መርሳ ሚስት ያግባና ይቅር።" ሰዉ ሳቀ። እኔ ሳቁ ሳያልቅ ወርጄ እሮጥ ነበር።

እህቴ ደጇ ላይ ማሽላ ስታሰጣ ደረስኩ። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። መዳፏ ሻካራ ነበር፣ የብርቱካን ቅጠል ይሸታል። አንድ ጊዜ ብቻ ትኩር ብላ አየችኝና ለቀቀችኝ።

"ምን በልተህ መጣህ?" አለች።

"እትዬ፣ አውቶብስ እየጠበቀኝ ነው። ዱዓሽን ብዬ ነው የመጣሁት።"

ስለ አሰብም ስለ አባታችን ቃልም ነገርኳት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። ከዚያ፣ "ባዶ ሆድህን አልመርቅህም። ምግቡ ይቅደም" ብላ ዶሮ ልታባርር ተነሣች።

ዶሮዋ አትክልቱን ሁለት ጊዜ አዞረቻት። እኔ እስቅ ነበር። ስትይዛት እኔ ልረድልሽ አልኳት፤ እንግዳ ሆነህ መጥተህ ቢላዋ አላስይዝህም አለች። ባሏ እርሻ ላይ ነበርና አዛውንቱን ጎረቤቷን ልትጠራ ሄደች። እኔ መደቡ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሽማግሌው በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ሰላምታቸው ረጅም ነበር፤ የአባቴን ጤና፣ የአጎቴን ጤና፣ የበሬዎቹን ጤና ሳይቀር ጠየቁኝ። ቢላዋውን ድንጋይ ላይ እየሳሉ ሳለ የመጀመሪያው ጥሩምባ ተሰማ። ብድግ ስል፣ "ተቀመጥ ልጄ፤ እነዚህ ሾፌሮች መንፋት እንጂ መሄድ አያውቁም" አሉኝ።

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ እህቴን ልከለክላት እችል ነበር። ዶሮሽን ተዪው፣ አጠገቤ ተቀመጪ ብላት ትሰማኝ ነበር። አላልኳትም። ለእኔ ዶሮ መታረዱን ጎረቤት ሁሉ ማየቱ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ኩራት ነው ጊዜዬን የበላሁት።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ጀርባዋን ነው። ጎንበስ ብላ እሳት ትለኩሳለች፣ ላባ ትነጫለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች። የወልድያን ወሬ በጭሱ መሃል ነገርኳት። ላሟን ማን እንደሚያልባት ጠየቀችኝ፤ መልሱን ግን ሳትሰማ ድስቱን ልታማስል ዞረች። ሁለተኛው ጥሩምባ ሲነፋ ወደ ማድቤቱ በር ሄድኩ። ሽንኩርቱ ገና አልበሰለም፣ ሥጋው አልገባም።

"እትዬ፣ ምግቡ ይቅር። እጅሽን ብቻ አንሺልኝ።"

እጆቿን አየቻቸው። በዶሮዋ ደም ተነክረዋል። "በዚህ እጅ? ልታጠብ፣ አንዴ ልታጠብ" አለች። እንስራውን ስታዘነብለው ባዶ ነበር፤ ውኃው ሁሉ ላባ ማስለቀቂያ ሆኖ አልቋል። ጎረቤት ጋ እየሮጠች ሄደች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሦስተኛው ጥሩምባ ተነፋ፤ ረጅም ነበር፣ የሚያልቅ አይመስልም።

ሮጥኩ። አውቶብሱ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር፤ ረዳቱ በሸሚዜ ጎትቶ አስገባኝና፣ "ሙሽራው ከሠርጉ ቀረ" ብሎ ሳቀብኝ። ውርጌሳ እስክንደርስ ዞር ብዬ አላየሁም። በእህቴ ተናድጄ ነበር። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ በደጇ ተቀምጬ አንዲት ዱዓ ነፈገችኝ አልኩ።

አሰብ ሁለት ዓመት ጆንያ ተሸከምኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ከጆንያዎቹ ላይ ነው፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እያስተያየሁ፣ የሚያውቀውን እየጠየቅሁ። ትኩሳት በያዘኝ ቁጥር፣ እግሬ በተቀጠቀጠ ቁጥር፣ ያለ ዱዓ ስለወጣሁ ነው እል ነበር። መጻፍ ስችል የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለእሷ ጻፍኩ። ወቀሳ ነበር። አልላክሁትም፤ ለዚህ ብቻ አላህን አመሰግናለሁ።

ስመለስ መርሳ ላይ ወረድኩ። ለእህቴ ሻሽ ይዤላት ነበር። ከሻጮቹ አንዷ፣ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት፣ ብርቱካን እያቀበለችኝ አተኩራ አየችኝ።

"አንተ የአትክልቱ ቤት ሴትዮ ወንድም አይደለህም? እየሮጠ አውቶብሱ ላይ የተሳፈረው?"

ነኝ አልኳት። ያኔ ነገረችኝ። እኔ ከተሳፈርኩ በኋላ እህቴ ያልበሰለውን ድስት በጨርቅ ይዛ እስከ አስፋልቱ መጣች። አውቶብሱ ታጥፎ ነበር። ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጠችና እጆቿን ዘረጋች። ደማቸው አልታጠበም ነበር። "እኛም ቅርጫታችንን ትተን አሚን አልናት። ብዙ ነው የመረቀችህ። አቧራው ጠፍቶ እንኳ እጇን አላወረደችም" አለችኝ።

ሻሹን አውጥቼ አሳየኋት። ያምርባት ይሆን ብዬ ጠየቅኋት። ሴትየዋ ሻሹን አየችና ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም። ቅርጫቷን ለጓደኛዋ አስረክባ፣ "ና፣ እስከ ቤት ልሸኝህ" አለች። እኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ከፊቴ ከፊቴ ስትሄድ፣ አረማመዷን ሳይ ገባኝ። ወባ ነበር፣ በክረምቱ። ሩቅ ያለ ሰው መርዶ ብቻውን አይረዳም ተብሎ ሳይነግሩኝ ቆይተዋል።

ሁለት ዓመት ዱዓ የለኝም እያልኩ የኖርኩት ዱዓው በላዬ እያለ ነው። የተነፈግሁት ሌላ ነገር ነበር፤ እሱንም የነፈግነው ሁለታችን ተባብረን ነው። የዚያን ቀን ፊቷን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ትናንት ልጄ እንደገና ደወለች። ስልኩ ሲጠራ አስቀድሜ ካፖርቱን ለበስኩ። ቀትር ነበር፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ምስሏ ሲመጣ ከኋላዋ ሰማያዊ ውኃና ነጭ ቤቶች ይታያሉ።

"አባባ፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ሰጥተውናል። ምን ላምጣልዎት?"

"ምንም። መቀመጫ አለሽ?"

የድንጋይ ግንብ አለ አለች። ተቀመጪ አልኳት። ተቀመጠች። ስልኩን አስተካክላ ፊት ለፊቷ አቆመችው። ከስታለች፤ ጉንጯ ላይ ከዚህ ቀደም ያላየኋት ጠባሳ አለች። ደህና ነሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ እስክትመልስልኝም ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ ነገረችኝ።

ከዚያ እጄን አነሣሁ። ግራ ገባት። "አባባ፣ ገና ልሄድ አይደለም እኮ። ቁርስም አልበላሁ" አለች።

"ይሁን። ዱዓው ይቅደም" አልኳት።

መረቅኋት። አሚን፣ አሚን አለች። ስጨርስ ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ ትልጥ ጀመር፣ እኔም አያት ነበር። አንድ ምክር እንኳ አልመከርኳትም። ከሩቅ የአንድ መርከብ ጥሩምባ ተነፋ፤ ደንገጥ ብዬ ያንቺ ነው ወይ አልኳት። አይደለም፣ የሌላ ነው አለች፤ ልጣጩንም ሳታስበው ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

"ትከሻው ልክዎት ሆነ?" አለችኝ።

ላቤን በእጅጌው ጠርጌ፣ "ልኬ ነው" አልኳት።