ክብሪት የሚያጠፋው ፈሳሽ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ጋራዡ ውስጥ ፒስተን እያጠብኩ ነበር። ካቴና የሚያስገባልኝ ፖሊስ እጄን አገላብጦ አየና፣ «ዱቄት ስታቦካ ነበር እንዴ?» አለኝ። እንዲህ የነጣና የተሰነጣጠቀ እጅ አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

«ትሪዬሊና ነው፣ የብረት ቅባት ማጠቢያው» አልኩት። ስሙን እንደሰማ እጁን በሱሪው ጠረገ።

ያሰሩኝ አሰብ ወደብ አጠገብ፣ ድሮ የጨው መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ቀን ከሌት ያልበዋል። በሩ ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋድ በኋላ አይነካም። ጥግ ላይ አንድ ሰው ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ሐጂ ነበሩ።

ሐጂ ከወሎ መጥተው አሰብ ውስጥ ብዙ ዘመን የኖሩ ባለሱቅ ናቸው። እኛ መካኒኮች አቤቱታችንን የጻፍነው በሳቸው ባንኮኒ ላይ፣ በሳቸው ወረቀት ነው። ጥፋታቸው ይኸው ነው፤ ወረቀት መስጠት። «ይቅር ይበሉኝ» ስላቸው፣ «አሁን እሱን ተወውና፣ ነፋስ የሚገባው በዚህ በኩል ነው፤ ና ተቀመጥ» አሉኝ።

አቤቱታው ስለ ትሪዬሊና ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱት የጭነት መኪናዎች ሞተራቸው ሲፈታ፣ ግራሶ የጠጣው ብረት ሁሉ ጥልቅ የብረት ገንዳ ውስጥ ይንጠለጠላል። ፈሳሹ ከሥር ይፈላል፤ እንፋሎቱም ቅባቱን ገፎ ብረቱን እንደ አዲስ ያደርገዋል። በገንዳው አፍ ዙሪያ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሄድበት ቧንቧ አለ፤ እንፋሎቱን መልሶ ወደ ታች የሚያወርደው እሱ ነው። አሰብ ውስጥ ደግሞ ውሃ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። በጠፋ ጊዜ እንፋሎቱ ገንዳውን ሞልቶ ወለሉ ላይ ይንፏቀቃል። ሽታው ጣፋጭ ነው፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ሰው ይስቃል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ከዚያ ይወድቃል። ሁለት ጓደኞቻችን እንዲህ ወድቀው አንዱ አልተነሳም። «ውሃ በሌለ ሰዓት ገንዳው አይሙቅ» ብለን ጻፍን፤ ሁላችንም ፈረምንበት። መንግሥት ይህን ያነበበው አድማ ብሎ ነው። የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ገና ያልፈረሰበት ዘመን ቢሆንም፣ ሠራተኛ ተሰብስቦ መፈረሙ ራሱ ያስፈራቸው ነበር።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የፖሊሶቹ አዛዥ፣ መቶ አለቃው፣ አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው፤ ጮሆብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አቤቱታው ሥራ ለማስተጓጎል የፈጠርኩት ውሸት ነው ብለህ በሠራተኛው ፊት ፈርም። ነገ ቤትህ ታድራለህ።»

«ሐጂስ?»

«አንተ ከፈረምክ እሳቸውን ምን አደርጋቸዋለሁ?»

እሺ አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ለሐጂ ስል ነው ማለት እችል ነበር፤ እውነቱ ግን እስሩ መሮኝ ነበር። ለሐጂ ስነግራቸው፣ «አንተ ታውቃለህ» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችንንም ወደ ጋራዡ ወሰዱን። ሠራተኛው ተሰልፏል። ጣልያኑ ካፖ፣ የጋራዡ አለቃ፣ መሬት መሬት ያያል። መቶ አለቃው ከበርሜል በጣሳ ትሪዬሊና አስቀዳ፤ ክብሪት ጫረና ጣለበት። እሳቱ ችስ ብሎ ጠፋ።

«አያችሁ? ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጣራው አይገኝም። እሳት እንኳ የማይዘው ነገር ሰውን ምን ያደርጋል?»

ተንኮል አልነበረበትም፤ ከልቡ አምኖበት ነው። ነዳጅ በበርሜል በተደረደረበት ወደብ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሳትን ነው፤ የማይነድ ነገር ለሱ ከውሃ አይለይም።

የገንዳው ፈሳሽ ያን ዕለት ንጋት ላይ ተቀድቶ ወጥቷል። ገንዳው ግን ገና ትኩስ ነው፤ ከሥሩ መፋቅ ያለበት ጥቁር አተላ ተኝቷል። ቧንቧው ደርቋል። ሠራተኛው ሁሉ አልገባም ብሏል። መቶ አለቃው ወደ ሐጂ ዞረ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ቀጭን ነዎት። ይግቡና ይፋቁት፤ እነዚህም ይዩ።»

ለኔ እስክሪብቶና የምፈርምበትን ወረቀት ሰጠኝ፤ መፍቻ የሚደረደርበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቆምኩ።

እንፋሎቱ ከአየር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ገንዳው ባዶ ሲመስል ነው የሚሞላው፤ ሳይታይ ከሥር ተኝቶ ይጠብቃል። ይህን ከማንም በላይ የማውቅ፣ አቤቱታውን በእጄ የጻፍኩ እኔ ነኝ። ልጮህ አሰብኩ። ቶሎ ልፈርምና ከዚያ ልናገር፣ ወረቀቱን ካገኘ ይተዋቸዋል ብዬም አሰብኩ። ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀመጡ። «ቢስሚላሂ» ብለው መሰላሉን ረገጡ። እኔ ፈረምኩ።

መፋቂያው ብረት ላይ ሲጮህ ሰማሁ። ቀጥሎ ቆመ። ከዚያ ዘፈን ሰማን። ሐጂ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቃቸው ሰው፣ ገንዳው ውስጥ ቆመው የሠርግ ዘፈን እየዘፈኑ ነው፤ ያጨበጭባሉ፤ «ተቀበሉኝ እንጂ!» ይሉናል።

መቶ አለቃው ሳቀ። «ሐጂ ቀምሰው ነው እንዴ የመጡት?»

ከሠራተኛው አንድም ሰው አልሳቀም። ጭብጨባው መሃል ላይ ተቋረጠ።

ትንፋሼን ይዤ ገንዳው ውስጥ ዘለልኩ። ቁጭ ብለው አገኘኋቸው፤ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳኋቸው፤ እንዲህ መቅለላቸው አንጀቴን በላው። ጓደኞቼ ከላይ ተቀበሉኝ፤ ቀጥለው እኔን ጎተቱኝ። በር ላይ፣ የባሕሩ ነፋስ በሚመጣበት፣ አስተኛናቸው። ለብዙ ጊዜ ምንም የለም። በኋላ አስመለሳቸው፤ ተነፈሱም። አለቀስኩ።

ቀና ስል መቶ አለቃው ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ፈርመሃል አይደል?» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ ጌታዬ። ፊርማው የኔው ስለሆነ ልሰርዘው።»

እጄን ዘረጋሁ። ሊከለክለኝ ይችል ነበር። ለምን እንዳልከለከለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። በስሜ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ፤ ደግሜም አሰመርኩ። ወረቀቱን በሁለት እጄ መለስኩለት። አጥፎ ኪሱ ከተተውና ወደ ጨው መጋዘኑ አስመለሰን።

ከቀትር በኋላ ሐጂ ነቃ አሉ። ግድግዳውን እያዩ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ሳለሁ ምን አልኩ?»

«ቢስሚላሂ ብለው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ድምፅዎ አልተሰማም።»

«ሰው ፊት አልተዋረድኩም?»

«ኧረ በፍጹም፣ ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ውሸት ሰርዤ ሌላ ውሸት ተናገርኩ፤ በሁለተኛው አልተጸጸትኩም።

እሳቸው በሳምንቱ ተፈቱ። እኔ ሌላ ሰባት ወር ቆየሁ። ስፈታ በቀጥታ ሱቃቸው ሄድኩ፤ ስኳር በወረቀት እየጠቀለሉ ነበር። መናገር ነበረብኝ።

«ሐጂ፣ ያን ቀን እርስዎ ሲወርዱ እኔ እኮ...»

«አንተማ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ወረቀቱን ገና ሳትነካው ነው የደረስክልኝ።»

መሰላሉ ላይ ለቆመ ሰው ያ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው የሚታየው። ስፈርም አይተውኛል። ጥቅልሉን አስረው ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። እኔም አርጅቻለሁ። ስለ እስሬ የሚጠይቁኝ ሰዎች የሰረዝኩትን ፊርማ ይወዱታል፤ ሐጂ ወደ ገንዳው ሲወርዱ እያየሁ መፈረሜን ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በሕይወት እያሉ እንዳልናገረው፣ የኔን ፊርማ ለመናዘዝ የሳቸውን ዘፈን ማውጣት ነበረብኝ። አሁን ሁለቱንም ጻፍኩት። ዘፈኑ ደግሞ፣ ሐጂ ይቅር ይበሉኝና፣ ያማረ ነበር።