ከአልጋው ሥር ያለው ክዳን

የጸጉር አስተካካዩ ሽንት ቤት ሲደፈን ከቤተሰቡ ቀድሞ የሚያውቀው ሰፈሩ ነው። ሽታው በር አያንኳኳም፤ ራሱ ከፍቶ ይወጣና ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ደርሶ፣ ሰላምታ አቅርቦ ይመለሳል። ዝንቦች ሳይቀሩ አፍረው አድራሻ ቀይረዋል ይባላል። ጸጉር የሚቆረጥባት የፊት ለፊቷ ክፍል ደንበኞች ግን አይሸሹም። ትንፋሻቸውን ውጠው ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጉንጫቸው እንደ ኳስ ስለሚነፋ ለምላጭ ይመቻል።

“እንዲህ ያለ ጉንጭ በደህናው ቀን ከየት ይገኛል!” ይላል አስተካካዩ፤ ሌላው ትንፋሹን ስለያዘ ብቻውን ይስቃል።

ሰፈሩ ያወጣለት ስም ጋሽ መቀስ ነው፤ ግማሹ ለእጁ፣ ግማሹ ለምላሱ።

ቤቱ አሮጌ ነው። የፍሳሹን መስመር የዘረጉት ሰዎች ሞተዋል፤ ቱቦው ግን እነሱ እንዳጠመሙት አለ። ጋሽ መቀስ ልጁ የተወለደች ጊዜ ከጀርባ አንድ ክፍል ቀጠለ። ግቢው ጠባብ ስለነበር የፍሳሹ ማንሆል፣ ቱቦው የሚጠረግበት ጉድጓድ፣ ክፍሉ ውስጥ ቀረ። “ምን አለበት? ክዳን አለው አይደል?” አለና ምንጣፍ አለበሰው። ዛሬ በዚያ ክዳን ላይ አልጋ ተዘርግቷል፤ በአልጋው ላይ ሚስቱ ተኝታለች።

ግራ ጎኗ ከከዳት ወዲህ ያለሰው ርዳታ አትነሳም። ምላሷን ግን በሽታው ፈርቶ አልነካውም። መስመሩ በተደፈነ ቁጥር ጋሽ መቀስ አልጋውን ከነሚስቱ ወደ ግድግዳው ይገፋል።

“መርከቡ ሊነሣ ነው! ተሳፋሪዎች እጃችሁን ሰብስቡ!”

“ቀስ በል አንተ ሰውዬ! መንጃ ፈቃድ ማነው የሰጠህ?”

“አንቺ ነሻ፣ ያገባሽኝ ዕለት።”

ከዚያ ክዳኑን አንሥቶ በደረቱ ይተኛና ረጅሙን ሽቦ ይሰዳል። እሷ በደህናው እጇ አፍንጫዋን ይዛ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ውሃው ጎርጎር ብሎ ሲሄድ እሱ ሳል ይጀምራል። ያ ሳል ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሽቦው በላይ ረዝሟል።

ልጃቸው ሌላ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አንድ ቀን ሳትናገር ብትመጣ እናቷን ከተከፈተ ጉድጓድ አጠገብ ተኝታ አገኘቻት።

“አባዬ፣ ሰው እኮ ናት! ከፍሳሽ ጋር ታስተኛታለህ?”

“አሁን እየዘጋሁት ነው፣ የኔ እናት።”

“አንድ ጊዜ ደግሞ ተደፍኖ ባገኘው እወስዳታለሁ። አልለምንህም።”

“ውሰጃት! እዚያ ፎቅ ድረስ ምላሷን ብቻ የሚሸከም አራት ሰው ትቀጥሪያለሽ” አለ እየሳቀ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። እሱም እሷ ከሄደች በኋላ ሳቁን ተወው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ሲለቅ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም ያዳምጣል።

የሚደፍነውን ነገር በተመለከተ ሰፈሩ ያልገመተው የለም። የተቆረጠ ጸጉር ነው ያለ አለ፤ የዛፍ ሥር ገብቶበት ነው ያለ አለ፤ ዳቦ ጋጋሪው የመሬት ውስጥ አውሬ ድረስ ሄዷል። ጋሽ መቀስ ከሁሉም ጋር ተስማማ። እውነቱን የሚያውቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

ሚስቱ ከሽንት ቤት መድረስ ካቃታት ቆይቷል። መጀመሪያ አልጋው ላይ ያመለጣት ዕለት አጥቧት ሲጨርስ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

“ጨርቁን ገመድ ላይ እንዳታሰጣው። ቆሻሻ ውስጥም አትጣለው፤ ቆሻሻ የምትወስደው ሴትዮ ትፈታዋለች። ልጄም እንዳታይ።”

“ማንም አያይም።”

“ማል።”

ማለ። በደንበኛ አንገት ላይ የሚያስራቸውን ነጫጭ ጨርቆች በመቀሱ እየተለተለ ያጸዳታል፤ ከዚያ ሽንት ቤት ጥሎ ውሃ ይለቅበታል። እንደሚደፍን በሆዱ ያውቃል። ነገር ግን ጠባብ አድርጌ ከቆረጥኩት ያልፋል እያለ፣ ዕድሜ ልኩን ቆርጦ በማያውቀው ጥንቃቄ ይቆርጣል።

ልጅቱ ልትመጣ በነበረችበት ጠዋት ውሃው በሽንት ቤቱ አፍ ተመልሶ ወለሉን አጥለቀለቀው። ጋሽ መቀስ ምላጩን አስቀምጦ፣ ደንበኛውን ወንበሩ ላይ ትቶ ሮጠ። አልጋውን ገፋ፤ ያን ቀን ቀልድ አልነበረም። ሽቦውን ሰደደ። አንድ ለስላሳ ነገር ነካ፤ አልበሳ አለው። እየሳለ ገፋ፣ እየገፋ ሳለ፤ ዓይኑ ጨለመበትና ጭንቅላቱ ጉድጓዱ ውስጥ ተንጠለጠለ።

ሚስቱ ደህናውን እጇን ዘረጋች። አልደረሰችም።

“የሰው ያለህ!”

የደረሰላት ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ የለበሰው ደንበኛ ነው። ጎትቶ አወጣው፣ ውሃ አፈሰሰበት፤ የጋሽ መቀስ ነፍስ ስትመለስ ደንበኛው ከነአረፋው መንገድ ላይ ወጥቶ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራ።

ሠራተኛውና ልጅቱ በር ላይ ተገናኙ። አባትየው ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፎ እያለ ሰውየው መንጠቆ አስገብቶ ይስብ ጀመር። ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ፤ ለአንድ ክፍለ ጦር ቁስል የሚበቃ ጨርቅ ወለሉ ላይ ተቆለለ።

“አባባ፣ ይሄ እኮ ጨርቅ ነው። ማነው የሚጥለው?”

“እኔ ነኝ። የደንበኛ ጸጉር ሲበላሽብኝ ማስረጃውን እቀብራለሁ።”

ማንም አልሳቀም። ልጅቱ ክምሩን አየች። ጨርቁ ላይ የተጣበቀውን እድፍም አየች። ቀና ስትል እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

“እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?”

እናትየው በደህናው እጇ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ሳበች።

“አባዬ? ለምን አልነገርከኝም?”

“ምያለሁ።”

ሠራተኛው መንጠቆውን ይዞ ወደ ፊት ለፊቷ ክፍል ወጣ፤ ባለአረፋውም ተከተለው።

“ውሰጂኝ” አለች እናትየው፣ ለግድግዳው።

“የት ነው የምትሄጂው?” አለ ጋሽ መቀስ። ሊነሣ ሲል ሳሉ መልሶ አስቀመጠው። “ምን አጠፋሁ?”

“ምንም አላጠፋህም። ግን ዛሬ እዚህ ሥሬ ሞተህ ነበር፤ እጄ አልደረሰብህም።” ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። “ውሰጂኝ። ካየሽ አይቀር አንቺ ታጥቢኛለሽ።”

በብርድ ልብስ አድርገው ሦስቱ ተሸከሟት፤ ልጅቱ በራስጌ፣ ሠራተኛውና ግማሽ ጢም ያለው ሰውዬ በግርጌ። ሰፈሩ በሙሉ በር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንድም ሰው ትንፋሹን አልያዘም። እሷ ልጇ ይዛ በመጣችው መኪና ውስጥ እስክትገባ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ጋሽ መቀስ ከዚያ በኋላ ያን ሠራተኛ ደጋግሞ አስጠራው። ወለሉ ይፈረስ፣ መስመሩ በውጭ ይዞር፣ ክፍሏ ይጽዳ፣ ከዚያ ትመለሳለች አለ። ሠራተኛው ባልዲ ሙሉ ውሃ አምጥቶ ደፋ። ውሃው ሳይንገራገር ሄደ።

“አባባ፣ ምኑን ላፍርስልዎ? መስመሩ ደህና ነው። ጨርቅ የሚጥልበት ሰው ስለሌለ አይደፈንም።”

ጋሽ መቀስ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሳሉን እስኪጨርስ ሠራተኛው ጠበቀው።

“እስቲ አንድ ባልዲ ጨምርበት” አለ።