ዋይፋይ በተራ

አቶ ፈቀደ ዕድሜያቸውን የፈጁት አቃቂ ባቡር ጣቢያ፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር እንዳይጋጭ በመጠበቅ ነው። ጡረታ ወጡ እንጂ ጠባቂነቱ አልለቀቃቸውም። ግቢያቸው ዋይፋይ የገባ ዕለት ተከራዮቹን ሰብስበው፣ «መስመሩ አንድ ነው፤ በተራ ትጠቀማላችሁ» አሉና አረፉት። የዋይፋዩን ቁልፍ፣ ያን ፓስወርድ የሚሉትን፣ ለማንም አልሰጡም። የባለተራውን ስልክ ተቀብለው ራሳቸው ያስገባሉ፤ ሲጨርስም ራሳቸው ያጠፉበታል። ተከራዮቹ እየሳቁም ቢሆን ታዘዙ። ሽማግሌ ላለማስቀየም ሰው ስንቱን ይችላል።

ቅዳሜ ግን ሁለት ጉዳይ ተፋጠጠ። ድሬዳዋ ያለው የድሮ ባልደረባቸው ጂራታ ልጁን ሉላን ሊድር ነው። ስሟን ያወጡላት አቶ ፈቀደ ናቸው። ጉልበታቸው መንገድ ቢከለክላቸው፣ ከአባቷ ቤት ሳትወጣ በቪዲዮ ሊመርቋት ቃል ገብተዋል። በዚያው ሰዓት ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ተከራያቸው ፊርዶስ በኢንተርኔት የሚሰጥ የኮሌጅ ፈተና አለባት፤ ተራውን ቀድማ የያዘችውም እሷ ናት። አቶ ፈቀደ ስልካቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ።

«አባባ፣ ሙሽራዋ እየጠበቀችዎት አይደል እንዴ?» አለች ፊርዶስ፣ ስልኳን ልታስገባ መጥታ።

«መጀመሪያ አንቺ ተፈተኚ። ሁለታችን ከገባን ይጋጫል።»

ፊርዶስ ሳቋ አመለጣት። «አባባ፣ ይሄ እንደ ሐዲዱ አይደለም። የእርስዎ ምስልም የእኔ መልስም ሲላክ ተቆራርጦ ትንንሽ እሽግ ይሆናል፤ ፓኬት ይሉታል። እያንዳንዱ እሽግ ላይ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ተጽፏል። አይፒ አድራሻ ማለት እሱ ነው። ይቺ መብራት የምታርገበግበው ራውተር ደግሞ አድራሻውን እያየች ሁሉንም ወደየመንገዱ ትሸኛለች። ብዙ ሰው ቪዲዮ ከከፈተ ይንቀራፈፍ ይሆናል እንጂ የእኔና የእርስዎ አይደባለቅም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አላችሁኝ?»

«ሲያሰልፉን ደስ ይልዎት ነበራ።»

አቶ ፈቀደ መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣ። የፊርዶስን ስልክ አስገብተው፣ ወዲያው የራሳቸውን ከፈቱ። ሉላ በሙሽራ ቀሚሷ ብቅ ስትል ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ውለጂ፣ ክበጂ፤ ትዳርሽ የአብርሃምና የሣራ ይሁን» አሉ።

ድሬዳዋ ያለው ዘመድ አዝማድ በአንድ አፍ «አሜን» አለ። በተከፈተው በር በኩል ፊርዶስም ፈተናዋ ላይ እንዳቀረቀረች «አሚን» አለች።

«አንቺም ይቅናሽ» አሏት አቶ ፈቀደ፣ ዓይናቸውን ከሙሽራዋ ሳይነቅሉ፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ መመረቃቸውን ቀጠሉ።