ሰባት ቀን የተኛው ደብዳቤ

አየነው እግሩ አያርፍም። ፋርማሲስት ነው። በ2007 ዓ.ም. እንጅባራ ካለው መሥሪያ ቤታችን ከጤና መምሪያው አንዲት ጠባብ ክፍል ለምኖ፣ አንድ ስልክና አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ ይዞ «የመድኃኒት መረጃ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። ስለ መድኃኒት የተጠራጠረ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ሁሉ እንዲደውልለትም ቁጥሩን በየወረዳው ዞሮ አደለ። ከዚያ ጠበቀ። ስልኩ ጭጭ።

«ኔትወርክ ይሆን?» እያለ በቀን አሥር ጊዜ አንስቶ ያዳምጠዋል። እኔ ማናለብሽ፣ የመዝገብ ቤቷ፣ እስቅበት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ወለሉን በእግርህ ጨረስከው እኮ» እለዋለሁ። እኛ ዘንድ በስልክ የተጠየቀ ነገር ከወሬ አይቆጠርም፤ ማኅተም ካላረፈበት ማን ይሰማል? ይህ ግን አልገባውም።

እውነትም የመጀመሪያው ጥያቄ ግምጃ ቤት ከተባለችው ከተማ፣ ከጤና ጣቢያዋ በደብዳቤ መጣ። ሳላነበው ቁጥር ሰጠሁትና ለማን እንደሚሰጥ ምሪት እንዲጽፉበት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ኃላፊው ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ነበሩ። ደብዳቤው ሰባት ቀን ተኛ። የአየነው ክፍል ከእኔ በሁለት በር ነው የሚርቀው፤ ግን ያለ ምሪት አልሰጥም፣ ሥርዓት ነዋ።

በስምንተኛው ቀን ሲደርሰው ቆሞ አነበበና ፊቱ ልውጥ አለ። ሸጋ የምትባል የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት አርግዛለች። ነርሱ መድኃኒቷ ጽንሱን ይጎዳው ይሆን ብሎ ፈርቶ፣ መልስ እስኪመጣ ክኒኗን አስቁሟታል።

«ይህ መድኃኒት እኮ በአንድ ጊዜ አይቆምም፣ ማኔ» አለ። ወደ ጤና ጣቢያው ቢደውል፣ ቢደውል የሚያነሳ ጠፋ። ወደ ግምጃ ቤት ሚኒባስ ተሳፈርን። እኔን ማን ሂጂ እንዳለኝ እንጃ፤ ብቻ ተከተልኩት።

ነርሱ ቤቷ ድረስ ወሰደን። ሸጋ ከትናንት በስቲያ በሽታው ጥሏት ምድጃ ላይ ወድቃለች፤ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጽንሱ ደህና ነው ተባለ። አየነው ክኒኑን ዛሬውኑ እንድትጀምር፣ ማንም ቢላት በራሷ እንዳታቆም ቀስ አድርጎ ነገራት።

«መልሱ እስካሁን የት ቆይቶ ነው?» አለችው።

«እኔ ዘንድ ነው የቆየው፣ እህቴ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት። ዞር ብሎም አላየኝ። እኔ በሩ ሥር እንደቆምኩ ነኝ። ሸጋ በደህናው እጇ በርጩማ ሳበችና ወደ እኔ አቀረበች።

«አንቺንም መንገዱ አድክሞሻል፣ ቁጭ በይ» አለችኝ።