ምሰሶውን ያልገፋው ውሃ

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ተመራቂ ቢሮዬ ገብታ ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ኢንጂነር፣ የውሃው ግፊት ዜሮ እያለኝ ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሳቄ መጣ። ምስኪን! እኔም አንድ ሰሞን እንዲሁ ሆኜ ነበር።

አርባ ምንጭ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ ከትውልድ ቀዬዬ ከካምባ ስመጣ የምሻገረው ወንዝ በድልድዩ ምሰሶ ዙሪያ እንዴት እንደሚፈስ በሶፍትዌር ማሳየት ነበር። የውሃው መስመሮች ከምሰሶው ፊት ይከፈሉና ከኋላው እንደ ዶርዜ ጥለት ተስተካክለው ይገጥማሉ። ማማሩንስ ያምር ነበር። ውሃው ምሰሶውን በስንት ኃይል እንደሚገፋው ሳሰላ ግን ዜሮ። ደግሜ ሠራሁት፤ አሁንም ዜሮ። ያ ወንዝ ሲሞላ በሬ ሲወስድ እያየሁ ያደግሁ ልጅ ይህን እንዴት ልመን?

ጭንቀቴን ያባሱት አባቴ ናቸው። ገና ሳልመረቅ ካምባ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ፕሮግራም አስይዘው፣ ወይፈን ገዝተው፣ «ልጄ ጨርሳለች» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውጀዋል። ላም አለኝ በሰማይ! የማንጎ ወቅት ስለነበር የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሁሉ ማንጎ ማንጎ ይሸታል፤ እኔ ግን አንድም አልቀመስኩም።

በመጨረሻ አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ።

«ቲቸር፣ ተበላሽቶብኛል።»

«ምኑ?»

«ውሃው አይገፋም።»

ስክሪኑን ብዙ አይተው ፈገግ አሉ። «በምን ዓይነት ውሃ ነው የሠራሽው?»

«ፍትጊያ በሌለው። ስሌቱ እንዲቀልልኝ ብዬ...»

«እንግዲያው ዜሮ ባይመጣ ነበር የምጥልሽ። እንዲህ ያለ ውሃ ከፊት የገፋውን ያህል ከኋላ መልሶ ይገፋል። ግን በዓለም ላይ የለም። ይህንኑ ጽፈሽ አምጪ።»

ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ማንጎ ገዝቼ ጭማቂው በአገጬ እስኪወርድ በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ትዝ አይለኝም።

ካምባ ላይ በምስጋናው ቀን አባቴ ለምስክርነት ተነሱ። ሥራዬን በሚገባ ያስረዳኋቸው መስሎኝ ነበር። «የልጄ ወንዝ በሙሉ ኃይሉ መጣ፤ ምሰሶውን ግን አልገፋውም!» አሉ። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» ብሎ አዳራሹን አናጋው። ማን ደፍሮ ያርማል? እኔም አሜን አልኩ።

አባቴ አሁን ሸምግለዋል። ያንን መንገድና ድልድዩን በመሐንዲስነት የምከታተለውም እኔ ሆኛለሁ። ዝናብ በበረታ ቁጥር ይደውላሉ።

«ድልድዩ እንዴት ነው?»

«ቆሟል፣ አባዬ።»

«አላልኩሽም?» ብለው ይስቃሉ። እሳቸው ጥርጣሬ የሚባል አያውቁም። እውነተኛው ውሃ እንደሚገፋ የማውቀው እኔ ነኝ፤ «ቆሟል» ባልኩ ቁጥር እፎይ የምለውም እኔ ነኝ።