ባለ አምስት ድንጋይ ባትሪና የነጠላ ጫፍ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔም ሸማ ተራ በሰው ሱቅ ነጠላና ጋቢ እሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ አትጠይቁኝ። ዳፍንት የያዘኝ ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች እንደ ዶሮ ነኝ፣ የገዛ እጄም አይታየኝ። ባለሱቁ ደግሞ በዓል ሲደርስ ገበያ የሚደራው ማምሻውን ነው፣ እስከ መዝጊያ የማይቆይ ሰው አልፈልግም ብሎኛል። ቤቴ ከራጉኤል ጀርባ ነው፤ መንገዱ ላይ በአንዲት ሳንቃ የሚሻገሩት ክፍት ቦይ አለ። እሱን ማለፍ ካቃተኝ እንጀራዬም እዚያው ቀረ ማለት ነው።

ባትሪ ልግዛ ብዬ ጎረቤት ነጋዴዎችን አማከርኩ። ምነው ባላማከርኩ! ሁሉም ባትሪ አላቸው፤ የሚፎካከሩበት። ሲመሽ ሱቃቸውን ይቆልፉና መንገድ ዳር ተደርድረው፣ የማን ብርሃን ሩቅ ይደርሳል እያሉ ማዶ ያለውን የመጋዘን ግድግዳ ያበራሉ። ባለ ሁለት ድንጋዩን ባለ ሦስቱ ይስቅበታል። ክንድ የሚያህል ባለ አምስት ድንጋይ የያዘማ የሰፈሩ ደጃዝማች ነው። ይኸው ሰውዬ አንድ ማታ ቆርቆሮ ላይ የተኛች ድመት አሳየሁ ብሎ ሳምንት ሙሉ ደረቱን ነፋ። ድመቷ ምን ትሠራልሃለች ያለው የለም።

እኔም የእሱን ዓይነት ግዛ ተባልኩና ገዛሁ። በመጀመሪያው ማታ ግድግዳው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ወደ እግሬ ባወርደው ግን ብርሃኑ ሰሃን የምታህል ክብ ናት፣ እሷንም ጥቁሩ ጭቃ ዋጣት። ሳንቃውን ስቼ ቦይ ውስጥ ተገኘሁ። ፎካካሪዎቹ እየሮጡ መጡ፤ ሊያነሡኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ባትሪውን እያጠቡት ነው?» አለኝ ባለ ድመቱ።

ባለቤቴ ጭቃዬን አይታ ልብሴን አጠበችልኝ። በማግስቱ ሱቅ ልንዘጋ ስንል ከእህቷ የተዋሰችውን ባለ ሁለት ድንጋይ ይዛ መጣች፤ ድንጋዩ ደክሞ ብርሃኑ ቅቤ መስሏል። ነጠላዋን እስከ ተረከዟ ለቀቀችና ባትሪውን ወደ ኋላ አዙራ ጫፉ ላይ አበራችው።

«እርስዎ ነጭ ነጩን ብቻ ይከተሉ» አለችኝ።

እውነትም ነጩ ታየኝ፤ ተከተልኩት። እነዚያ እንደ ልማዳቸው ተደርድረዋል። ሚስት ከፊት ባል ከኋላ፣ ዘንድሮ ስንቱን አየን እያሉ ተንጫጩ። እሷ ዞር እንኳ ሳትል፣

«ድመቷ ደህና አመሸች?» አለቻቸው።

ሳንቃው ጋ ስንደርስ ቆም ብላ እንጨቱን አበራችልኝ፤ እጄን ይዛ አሻገረችኝ።

በኋላ ጉበት ብላ ተብዬ ዓይኔ ተሻለው፤ ከሥራዬም አልወጣሁ። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ ቤቴ ያገባችኝ ባለቤቴ ናት፣ የልጆቼ እናት።